ምዕራፍ 6፦ መሄጃ ያለው ሠራተኛ

አምቦ ውስጥ ጭማሪ ጠይቃ ያገኘችን አስተናጋጅ ምክንያቱን ብትጠይቋት በሰው ጠባይ ታስረዳችኋለች፤ ባለቤቱ ደግ ነው፣ እሷም መናገር ትችላለች። ጠይቃ ያጣችው ደግሞ ሰውየው ቋጣሪ ነው ትላለች። ሁለቱም አልዋሹም፤ ጠባይ የራሱ ድርሻ አለው። ነገር ግን ደጉም የሚከለክልበት፣ ቋጣሪውም ሳይወድ የሚጨምርበት ጊዜ አለ። ሰዎቹ ያው ሆነው ውጤቱ ለምን ይለያያል? የድርድር ጥናት የሚባለው የምጣኔ ሀብት ዘርፍ የሚጨነቀው በዚህ ጥያቄ ነው።

ዘርፉ በቀመር የተሞላ ነው። ቀመሩን ለባለቤቶቹ ትተን አንዱን ዋና ሐሳብ ብቻ እንያዝ፤ ከሆለታ እስከ ጉደር ባለው መንገድ ዳር በትንሽ ደመወዝ ለሚሠራ ሰው የሚበጀው እሱ ነውና።

ጆንያውን አሳድሮ መሄድ የሚችል ገበሬ

በምዕራፍ 3 የጤፍ ዋጋ እንዴት እንደሚቆረጥ ስናይ አንድ ገበሬ ጊንጪ ገበያ ላይ ትተን ነበር። ወደ እሱ እንመለስና ከጎኑ ሌላ ገበሬ እናቁም። ጤፋቸው አንድ ዓይነት ነው፤ ሚዛኑም እኩል፣ ነጋዴውም አንድ። ከቀኑ አሥር ሰዓት ሆኗል። የመጀመሪያው የመጣው ከሩቅ ቀበሌ ነው፤ የመጨረሻው አይሱዙ ሊነሣ ነው፣ የማዳበሪያ ዕዳውም ነገ ይከፈላል። ሁለተኛው ከተማው ውስጥ እህት አለችው፤ ጆንያውን እሷ ዘንድ አሳድሮ በሚቀጥለው ገበያ መመለስ ይችላል።

ነጋዴው ለሁለቱም አንድ ዋጋ ይጠራል። የመጀመሪያው ትንሽ ይከራከርና ይሸጣል። ሁለተኛው ብዙም ሳይናገር የጆንያውን አፍ ማሰር ይጀምራል፤ ዋጋው ከፍ የሚለው ያኔ ነው። እዚህ ላይ የተከራከረችለት እህቱ ቤት ያለችው ባዶ ጥግ ናት። ነገሩ ወደ ነጋዴውም ይዞራል፤ ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው መኪናው ግማሹ ባዶ ሆኖ ሾፌሩ ጥሩምባ እየነፋ ከሆነ፣ በዚያ ሰዓት የተቸገረው እሱ ነው።

ድርድሩ ባይሳካ ሰውየው የሚይዘውን ሌላ አማራጭ በዚህ ምዕራፍ መሄጃ እንበለው። ሮጀር ፊሸርና ዊሊያም ዩሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተሙት ዝነኛ የድርድር መጽሐፋቸው የተደራዳሪ ጉልበት ከዚህ እንደሚመነጭ ጽፈዋል። ከእነሱ 31 ዓመት ቀደም ብሎ ደግሞ የ21 ዓመቱ አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው ጆን ናሽ ነገሩን በቀመር አሳይቶታል። የናሽ ሐሳብ ሲቀልል እንዲህ ነው፦ ሁለት ሰዎች ሲስማሙ እያንዳንዳቸው ከመሄጃቸው በላይ የሚያገኙት ትርፍ አለ፤ በሌላው ነገር እኩል ከሆኑ ያንን ትርፍ እኩል ይካፈሉታል።

የካፌዋ ሒሳብ

አምቦ ዩኒቨርሲቲ አካባቢ ካፌ ውስጥ የምትሠራ አንዲት አስተናጋጅ እናስብ። ቁጥሮቹን ለምሳሌ ያህል የመረጥኳቸው እኔ ነኝ። ደመወዟ በወር 3,000 ብር ነው። ብትለቅ ሰፈሯ ውስጥ ጀበና ቡና አፍልታ በወር 2,800 ብር ያህል ይቀርላታል፤ መሄጃዋ ይህ ነው። ባለቤቱ በበኩሉ እሷን አጥቶ አዲስ ሰው ከሚያለማምድ እስከ 4,200 ብር ቢከፍላት ይሻለዋል። ስለዚህ የሚስማሙት በ2,800 እና በ4,200 መካከል በሆነ ቦታ ነው፤ እንደ ናሽ ከሆነ መሐሉ ላይ፣ 3,500 ብር።

አሁን ከመንገዱ ማዶ ያለ ጁስ ቤት በ3,600 ብር ነይ አላት እንበል። አዲሱ መሐል 3,900 ሆነ። ልጅቱ ከትናንቱ የበለጠ አልፈጠነችም፤ የምታነሣው ትሪም ያው ነው። መሄጃዋ በ800 ብር ስላደገ ብቻ፣ ጁስ ቤቱን ሳትረግጠው፣ የሚገባት በ400 ብር ከፍ አለ። ከዚህ ሁሉ ምዕራፍ አንድ ነገር ብቻ የሚያስታውስ አንባቢ ቢኖር ይህቺን ሒሳብ ቢይዝልኝ እመርጣለሁ። «በርትተሽ ሥሪ፣ ይታይልሻል» የሚለው ምክር ጥሩ ምክር ነው፤ ግን ትጋት ደመወዝ የሚያስጨምረው የሚያይ ሌላ ቀጣሪ ሲኖር ነው።

መሄጃ ሲሰላ የሚቆጠረው ደመወዝ ብቻ እንዳይሆን። ካፌው ምሳና እራት ያበላል? ጁስ ቤቱስ? ቲፑ የቱ ጋ ይበልጣል? ማታ ሁለት ሰዓት ከሥራ ወጥቶ በባጃጅ ወደ ቤት መግባት ስንት ያስወጣል? በወረቀት ላይ በ600 ብር የሚበልጥ ሥራ ይዘው፣ ምግቡን ከኪሳቸው መግዛት ሲጀምሩ የከሰሩ ሰዎች ብዙ ናቸው።

ሁለቱ እኩል ይካፈላሉ የሚለውም «በሌላው ነገር እኩል ከሆኑ» በሚል ገመድ የታሰረ ነው። እስራኤላዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አሪየል ሩቢንስታይን እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳየው ይህንኑ ነው፦ መጠበቅ ብዙም የማይጎዳው ወገን ትልቁን ድርሻ ይወስዳል። የቤት ኪራይ ቀን ሦስት ቀን ሲቀረው ጭማሪ የሚጠይቅ ሠራተኛ አይሱዙው ሊያመልጠው እንደሆነው ገበሬ ነው። ባለቤቱ «እስኪ እናያለን» ካለው ሦስት ቀኑ ያልቃል።

ባለቤቱም መሄጃ አለው

አብዛኞቻችን የምናሰላው የራሳችንን ብቻ ነው። የባለቤቱ መሄጃ ደግሞ ሌላ ሰው መቅጠር ነው። «በር ላይ ስንት ሰው ቆሟል መሰለሽ» ሲል አይዋሽም፤ በየከተማው ዲግሪ ይዞ ሥራ የሚፈልግ ወጣት ሞልቷል። ነገር ግን በር ላይ የቆመው ሰው በነፃ አይገባም። ተያዥ ማቅረብ አለበት፤ የተያዡም ማንነት መጣራት አለበት። ብርጭቆ ይሰብራል። ማን በዱቤ እንደሚጠጣ፣ ማን ዱቤ እንደማይሰጠው እስኪያውቅ ጊዜ ይፈጃል። ከሁሉም በላይ ሒሳብ ላይ እጁ ንጹሕ ይሁን አይሁን ገና አልታወቀም።

በእኔ ግምት በትንንሽ ከተሞች ንግድ ውስጥ ውዱ ዕቃ ይህ የመጨረሻው ነው። ባጃጁን ለሹፌር የሚሰጥ ሰው ማታ ማታ የሚቀበለው ገቢ በሹፌሩ ታማኝነት የተንጠለጠለ ነው። ሹፌሩ ግን ጭማሪ ሲጠይቅ ስለ ታማኝነቱ አያነሣም፤ ስለ ኑሮ ውድነት ነው የሚያወራው። ኑሮ ውድነቱ እውነት ነው፤ የዋጋ ንረት ደመወዝን እንዴት እንደሚበላ በምዕራፍ 4 አይተናል። ሆኖም ከባለቤቱ መሄጃ አንፃር ምንም አያንቀሳቅስም፤ በር ላይ የቆመውም ሰው ጤፉን የሚገዛው በዚያው ዋጋ ነውና።

ሠራተኛ ሲመላለስ የሚደርሰው ኪሳራ በየትም መዝገብ ላይ ስለማይጻፍ ብዙ አሠሪዎች አያዩትም። ሄንሪ ፎርድ አይቶታል። የመኪና ፋብሪካው ሠራተኛ እ.ኤ.አ. በ1913 በ370 በመቶ ተቀያየረ፤ ለአንድ የሥራ ቦታ በዓመት ሦስትና አራት ሰው ማለት ነው። በጥር 1914 ፎርድ የቀን ክፍያውን ከእጥፍ በላይ አድርጎ ወደ 5 ዶላር አወጣው፤ መመላለሱም በእጅጉ ቀነሰ። ወደ አገራችን ስንመጣ፣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ስለ ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ባወጡት ዘገባ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ያህል እንደነበረና በመጀመሪያው ዓመት የሚለቀው ሠራተኛ ብዛት ከተቀጠረው ጋር ሊስተካከል ጥቂት እንደቀረው ጽፈዋል። ፓርኩ ያንን ሠራተኛ ያጣው ሌላ ፋብሪካ ስለነጠቀው ብቻ አልነበረም፤ ደመወዙ ከቤተሰብ እርሻና ከጉልት ንግድ የማይሻል ሆኖ ስለተገኘም ነው።

ይህንን በደንብ የፈተሸ ጥናት አለ። ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርኮን በኢትዮጵያ በ5 ድርጅቶች ሥራ ለማግኘት ያመለከቱ ወደ 1,000 የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈሏቸው። አንዱ ቡድን የፋብሪካ ወይም የእርሻ ሥራውን አገኘ፤ ሌላው 300 ዶላር ያህል መነሻ ገንዘብና የንግድ ሥልጠና ተሰጠው፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ሥራ ከያዙት ውስጥ ሲሶው በመጀመሪያው ወር፣ 77 በመቶው ደግሞ ዓመት ሳይሞላ ለቀቀ። ሥራውን ያገኙት ካላገኙት የተሻለ ገቢ አልነበራቸውም። መነሻ ገንዘብ የያዙት ግን በመጀመሪያው ዓመት ገቢያቸው በሲሶ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ከ5 ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ ጠፋ። ትንሽ መነሻ ገንዘብ ለሰው የሚሰጠው መሄጃ ጊዜያዊ ነው ማለት ነው፤ ቢሆንም መሄጃ ነው።

ገዢው አንድ የሆነበት ገበያ

ኢትዮጵያ ለግሉ ዘርፍ በሕግ የቆረጠችው ዝቅተኛ ደመወዝ የለም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 55 ዝቅተኛ ደመወዝን በጥናት ላይ ተመሥርቶ የሚያሻሽል የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል፤ የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ጉዳዩን በየሜይ ዴይ ያነሣዋል። በመንግሥት ቤት ግን ከመስከረም 2018 ጀምሮ ዝቅተኛው የወር ደመወዝ 6,000 ብር ሆኗል። ይህ ቁጥር የግል አሠሪን በሕግ አያስገድደውም፤ ግን ሰው ሁሉ ያወቀው ቁጥር ስለሆነ ድርድር ውስጥ ሲነሣ የሚያፍርበት የለም።

ሕጉ ወለል ካላስቀመጠ ወለሉን የሚያበጀው የቀጣሪዎች ፉክክር ነው። ፉክክሩ ደግሞ በከተማው ስፋት ይወሰናል። አንድን ዕቃ የሚገዛ አንድ ሰው ብቻ ያለበትን ገበያ እንግሊዛዊቷ ጆን ሮቢንሰን እ.ኤ.አ. በ1933 በሰፊው ተንትናዋለች፤ ሥራም እንደዚሁ አንድ ገዢ ብቻ ሲኖረው ደመወዝ ሠራተኛው ከሚያስገኘው በታች ይወርዳል። አንድ ትልቅ ቀጣሪ ብቻ ያለው ትንሽ ከተማ ለዚህ ይቀርባል። አምቦ በዚህ በኩል ትሻላለች፤ ዩኒቨርሲቲው አለ፣ ሰንቀሌ ያለው የማዕድን ውሃ ፋብሪካ አለ፣ ሆቴሉና ንግዱ አለ። ግን ባለ ካፌዎቹ በአንድ እድር ለቀስተኛ፣ በአንድ እቁብ ባለዕጣ ናቸው። አዳም ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1776 አሠሪዎች ደመወዝ ላለመጨመር ሳይነጋገሩ እንደሚግባቡ ጽፏል፤ እነዚህማ በየሳምንቱ ይነጋገራሉ።

አዲስ አበባ ከአምቦ 115 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ለአምቦ ሠራተኛ ከማንም አሠሪ የእድር ወሬ ውጪ የሆነችው መሄጃ እሷ ናት፤ ሆኖም ኪራዩና ትራንስፖርቱ ተቀንሶ የሚቀረው ቁጥር ብዙ ጊዜ ያሳዝናል።

ወቅትም መሄጃን ያሰፋል፣ ያጠብባል። በጥቅምትና በኅዳር የጤፍ አጨዳ ሲደርስ የቀን ሠራተኛ ወደ ማሳ ይወጣል፤ ያን ሰሞን የከተማው ግንበኛ ሙያ የሌለውን ሠራተኛ እንኳ ለማግኘት ይለማመጣል። ተማሪው ለእረፍት ሲሄድ የዩኒቨርሲቲ አካባቢ ካፌ ይቀዘቅዛል፤ የእኛ ባለቤት የሚከፍለው ጣሪያ ከ4,200 ወደ 3,400 ቢወርድ፣ የጁስ ቤት መሄጃ ያላት ልጅ ጋር የሚስማሙበት ቦታ እንኳ አይኖርም። ሥጋ ቤት የሚሠራ ሰው በሁዳዴ መሐል ጭማሪ ቢጠይቅ ቢላውን አስቀምጥ ሊባል ይችላል፤ የፋሲካ ሳምንት ግን ያ ቢላ የሌላ ሰው እጅ ላይ አያምርም።

መሄጃን ማደርጀት

የዚህ ሐሳብ ደስ የሚለው ነገር የድርድሩ ዋና ሥራ ከንግግሩ ወራት በፊት የሚያልቅ መሆኑ ነው። እቁብ የሚጥል ሰው ዕጣው የሚወጣለትን ጊዜ ካወቀ፣ ጥያቄውን ከዚያ በኋላ ቢያደርገው ቢከለከልም ሁለት ወር መቆም ይችላል። የጥበቃ ሠራተኛ መንጃ ፈቃድ ሲያወጣ ሹፌር ባይሆንም እንኳ ሹፌር መሆን የሚችል ጥበቃ ሆኗል። ከሌላ ቤት ጋር አስቀድሞ መነጋገር ክህደት የሚመስላቸው አሉ፤ ባለቤቱ ግን ዕቃ ሲገዛ ሦስት ሱቅ ይጠይቃል።

ትልቁ መንገድ ግን ከሰው ጋር መሆን ነው። አንዲት አስተናጋጅ ብትለቅ ባለቤቱ ሌላ ይቀጥራል፤ ስምንቱም በአንድ ቀን ቢለቁ ካፌው ይዘጋል። የሠራተኛ ማኅበር ሒሳቡ ይህ ነው፦ የአሠሪውን መሄጃ ያጠብባል። አዋጁ 10 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም ይፈቅዳል። ብዙ ሰው የማያውቀው ክፍል ደግሞ ቀጥሎ ያለው ነው፤ ከ10 ሰው በታች ባሉባቸው ድርጅቶች የሚሠሩ ሰዎች በአንድ ላይ ጠቅላላ የሠራተኛ ማኅበር መመሥረት ይችላሉ፤ የአባላቱ ቁጥር ከ10 እንዳያንስ ብቻ ነው። አራት አራት ሠራተኛ ያላቸው የሦስት ካፌዎች አስተናጋጆች ይበቃሉ ማለት ነው። የቤት ሠራተኞች ግን ከዚህ አዋጅ ውጪ ናቸው፤ እነሱ ከማንም በላይ መሄጃ የሌላቸው ሆነው ሳለ ሕጉም ትቷቸዋል።

ወሬው ሲከፈት

ቀኑ ከተመረጠ በኋላ የሚነገረው አጭር ነው። ሰው ሲበዛ ሳይሆን ቤቱ ሲረጋጋ፦

«ጋሼ፣ ጊዜ ካለዎት አንድ ነገር ላነጋግርዎት ነበር።»

«ምነው፣ ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። እዚህ ቤት ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ ሒሳብ አንድ ቀን ጎድሎብኝ አያውቅም። አሁን ከሌላ ቤት በ3,600 ጠርተውኛል። እኔ ግን እዚሁ ብቆይ ነው የምመርጠው፤ 4,000 ቢያደርጉልኝ።»

«መንግሥት ግብሩን ቀንሶልሽ የለ እንዴ!»

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ዝም ይላል፤ ሰውየው እውነቱን ነዋ። ከሐምሌ 2017 ጀምሮ እስከ 2,000 ብር ያለው ደመወዝ ከግብር ነፃ ሆኗል፤ 3,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ በፔሮል የምትገባ ከሆነ ግብሯ ከ307.50 ወደ 150 ብር ወርዷል። ግን ያ 157.50 ብር የወጣው ከመንግሥት እንጂ ከካፌው ኪስ አይደለም፤ ይህንንም በትሕትና መናገር ይቻላል። 4,000 ብላ የጀመረችው መሐሉ 3,900 ስለሆነ ነው፤ ለመውረጃ የሚሆን ቦታ ይቀራታል።

ጁስ ቤቱ የጠራት በውሸት ከሆነ ግን ባታነሣው ይሻላል። ባለቤቱ ማታውኑ የጁስ ቤቱን ሰው ስልክ ይመታል፤ ነገ ጠዋት የምትገባው በውሸታም ስም ነው፣ ያኔ ደግሞ ውዱ ዕቃዋ ታማኝነቷ ነበር። ባለቤቱ ዘመድ ከሆነ ወይም ከገጠር አምጥቶ ያሳደጋት ከሆነ ፊት ለፊት ቁጥር መጥራት ሊያስቀይም ይችላል። እንዲህ ያለው ነገር በሽማግሌ ቢሄድ ይሻላል፤ ባለቤቱ የሚያከብረው አንድ ነባር ደንበኛ «ልጅቷን ብታስብላት» ሲል፣ ጭማሪው ተገዶ የሰጠው ሳይሆን አክብሮ ያደረገው ይሆንለታል።

በመጠየቋ ትባረራለች የሚለው ስጋት ከንቱ አይደለም፤ ሕጉ ግን ሠራተኛ በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ከሥራ ለማሰናበት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን በአንቀጽ 26 አስቀምጧል። እሷም ለመልቀቅ ከወሰነች የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለባት።

የት ላይ ይጨመር

ባለቤቱ ከተስማማ በኋላ «ደመወዙ ባለበት ይሁን፤ 900 ብር ለትራንስፖርት እሰጥሻለሁ» ሊል ይችላል። የወሩ ብር ያው ስለሆነ ብዙ ሰው እሺ ይላል። ነገር ግን በአዋጁ አበል፣ ጉርሻና የመሳሰለው ከደመወዝ አይቆጠርም፤ የትርፍ ሰዓትና የሥራ ስንብት ክፍያ ደግሞ የሚሰላው በደመወዝ ነው። በ3,900 ብር ደመወዝ ላይ 15 በመቶ ግብርና 7 በመቶ ጡረታ ሲነሣ 900 ብሩ ውስጥ እጇ የሚገባው 702 ብር ነው፤ ቅር የሚያሰኝ ይመስላል፣ ግን አሠሪውም በዚያው ደመወዝ ላይ 11 በመቶ ለጡረታዋ ያዋጣል።

የትርፍ ሰዓቱን ብቻ እንይ። በሳምንት 48 ሰዓት የምትሠራ ሰው በወር 208 ሰዓት ያህል ትሠራለች። ቀን ላይ ለሚሠራ ትርፍ ሰዓት ሕጉ የሰዓቱን ክፍያ አንድ ተኩል እጥፍ አድርጎታል። በ3,000 ብር ደመወዝ አንድ ትርፍ ሰዓት 21.63 ብር፣ በ3,900 ደግሞ 28.13 ብር ይሆናል። በበዓል ሰሞን በወር 20 ትርፍ ሰዓት ብትሠራ ልዩነቱ 130 ብር ነው፤ ጭማሪው «ለትራንስፖርት» በሚል ከተጻፈ ይህ 130 ብር የለም።